አማቴና የተሰበረው ብሎን

ሚስቴን ያየኋት ጋራዥ ውስጥ ነው። አባቷ ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር መኪና ይጠግኑ ነበር። ሰዉ ጋራዥ ይለዋል እንጂ በቆርቆሮ የተከደነ ዳስ፣ ከመኪና ሥር ገብተው የሚሠሩበት ጉድጓድና ሞርሳ የታሰረበት የዋንዛ ግንድ ብቻ ነበር። እኔ ሾፌር ነኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን ስመላለስ እሳቸው ዘንድ አቆማለሁ፣ እሷ ደግሞ ምሳቸውን በሰሃን ሸፍና ታመጣለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ተለማመድን።

ሽማግሌ ላክሁ። ተቀመጡ ሳይሏቸው መለሷቸው። «ሾፌር ቤት የለውም። ዛሬ አሰብ፣ ነገ አሥመራ ነው። ልጄን ለጎማ አልድርም» አሉ ይባላል። ልጅቱ ለአንድ የጨው ነጋዴ ልጅ ታስባ ነበር። እሷ ግን እኔን አለች፤ ኮምቦልቻ የሚኖረው የአባቷ ታናሽ ወንድም በእሳቸው ፈንታ ወሊ ሆኖ ኒካሁን አሰረልን። አባትዬው ይህን ሲሰሙ ወንድማቸውን እርም አሉ። እኔንማ ስሜን እንኳ መጥራት ተዉ። ሰው ስለ እኔ ሲያነሳ «ያ ሰውዬ» ነው የሚሉት።

ይህ ብቻ ቢሆን በጊዜ ብዛት ይበርድ ነበር። ግን በዓመቱ እናቷ ሞቱ። መርዶው ኮምቦልቻ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። እኔ አሰብ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ሚስቴ ብቻዋን በተገኘው መኪና ተሳፍራ ሐይቅ ደረሰች። አባቷ ግቢው በር ላይ ቆመው «ለቅሶ ከሆነ እኛ አልቅሰን ጨርሰናል» አሏት። እጇን ራሷ ላይ እንዳደረገች ከደጃፉ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሐይቅን ረግጣ አታውቅም። እኔም በከተማው ሳልፍ ዓይኔን ከፊት መስተዋቱ ሳላነሳ ነው የማልፈው። የቂም ነገር እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው በር ይዘጋል፣ ከዚያ ሁሉም በየፊናው መዝጋት ይለምዳል።

ድርቁ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የመንግሥት የጭነት መኪና እነዳ ነበር፤ ከኮምቦልቻ መጋዘን የእርዳታ ስንዴ ጭነን ከወልድያ ወዲያ ወዳለው መጠለያ እንወስዳለን። ብቻችንን አንሄድም። መኪኖቹ በሰልፍ ይነሳሉ፤ በየመኪናው ጠመንጃ የያዘ አንድ ሚሊሻ ይቀመጣል። ከጀምበር በኋላ የአምባሰል መንገድ ዝግ ነው፤ ወንበዴ አለ ይባላል፤ በመንገድ ሲመሽበት የተገኘ መኪና ከሁለቱም ወገን ይተኮስበታል።

ለእኔ የተመደበው ሚሊሻ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ነበር። ቀጭን፣ ዓይኑ የቀላ፣ እንቅልፍ የራቀው። ጠመንጃውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደሴን ስናልፍ ግን «ጆንያ ከጎደለ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ስለዚህ የትም እንዳትቆም» አለኝ። ከእሱ በፊት በዚያ ሥራ ላይ የነበረው ሰው የት እንደደረሰ እንደማይታወቅም ነገረኝ። ይህን ሲል ስለሚያስፈራራኝ ይሁን ስለፈራ አልለየሁም። ሁለቱም ይመስለኛል።

ሐይቅ ልንገባ ስንል የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ ወጣ፤ ከፊት እንፋሎት ተነሳ። ዳር ይዤ አቆምኩ። የሰልፉ ኃላፊ ከኋላ ደርሶ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «እኛ ውርጌሳ እናድራለን። ጀምበር ሳትጠልቅ ድረስ። ካልደረስክ ለምን እንዳልደረስክ ወልድያ ላይ ታስረዳለህ» ብሎኝ አለፈ። ሌሎቹም አቧራቸውን አልብሰውን አለፉ።

ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ውሃ የሚገፋው ፖምፓ ከሞተሩ ጋር የተያያዘበት አንድ ብሎን ላልቷል፤ ውሃው በዚያ ይንጠፈጠፋል። ቀላል ነገር ነው። መፍቻ አውጥቼ በዝግታ ማጥበቅ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ አሮጌ ብሎን ልክ እንደ አኩራፊ ሰው በልኩ ነው የሚያዝ። ሚሊሻው ከኋላዬ ቆሞ ፀሐይዋን ያያል፣ እኔን ያያል።

«ይሄ ነው ጉልበትህ?» አለኝ።

«ጉልበት አይፈልግም» አልኩት።

መፍቻውን ከእጄ ነጠቀኝና ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ወርውሮ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የብሎኑ ጭንቅላት መንገዱ ላይ ወደቀ። ቀሪው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ቀረ።

ሁለታችንም የወደቀችውን ቁራጭ አየናት። እሱ ቀድሞ ተናገረ። «ሰበርከው» አለኝ።

«አንተ ነህ የሰበርከው።»

«እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ? አንተ እንዲሰበር አድርገህ ሰጠኸኝ። ይሄ አሻጥር ነው።»

አሻጥር የምትለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ትበላ ነበር። መጋዘን ውስጥ አይጥ ስንዴ ቢበላ አሻጥር ነው፤ መኪና ቢበላሽ አሻጥር ነው። ቃሏ አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣች የሚመልሳት የለም። መኪና የሚጠግን ሰው ሐይቅ ውስጥ አንድ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያም ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ እየሞላን፣ እያዘገምን፣ መኪናውን ዳሱ ፊት አደረስናት።

አማቴ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ነው ያዩኝ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ። ሸምግለዋል፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል፤ የቀኝ እጃቸው አመልካች ጣት ጥፍር እንደ ድሮው ጥቁር ነው። ሰላምታ ልሰጥ አፌን ስከፍት ፊታቸውን አዙረው ተመልሰው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ።

ሚሊሻው ተከተላቸው። «አባባ፣ ይህ የመንግሥት መኪና ነው» አላቸው።

«መንግሥት ጋራዥ ደሴ አለው።»

«ጀምበር ሳትጠልቅ ውርጌሳ መድረስ አለብን።»

«እኔ አላገድኳችሁም።»

«የጫነው የእርዳታ ስንዴ ነው።»

ከጉድጓዱ አንገታቸውን ብቅ አድርገው መንገዱን አዩ። በግራና በቀኝ ከቆላ የወጡ ሰዎች በቤተሰብ በቤተሰብ ተቀምጠዋል። አይለምኑም። መኪናችን ከቆመ ጀምሮ ግን ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል። አንዲት ሴት ከመኪናው ሥር ገብታ ከተቀደደ ጆንያ የተንጠባጠበ ስንዴ ከአፈሩ ውስጥ እየለቀመች በጣሳ ታጠራቅማለች። ሚሊሻው ሲያያት ሮጦ ሄደና ሰደፉን አነሳ። አማቴ ከጉድጓዱ እንዴት እንደወጡ አላየሁም፤ መዶሻ እንደያዙ በመካከላቸው ቆመው አገኘኋቸው።

«መሬት የነካው የማንም አይደለም» አሉት።

«ተቆጥሮ የተሰጠኝ ነው።»

«አፈሩንም ቆጥረው ነው የሰጡህ?»

ሰደፉን አወረደ። ሴትዮዋ መልቀሟን አላቋረጠችም። አማቴ እዚያው እንደቆሙ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው ብሎኑ የተሰበረበትን ቦታ በጥፍራቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ ለሚሊሻው «ለዚያ ሰውዬ ንገረው። ውሃውን ያፍስስ፣ ቺንጊያውን ይፍታ፣ ፖምፓውን ያውርድ። እኔ እስክመጣ ሌላ ነገር እንዳይነካ» አሉት።

እኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነኝ። ሚሊሻው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «ሰምቻለሁ» አልኩት።

«እሺ አባ» ብዬ ወደ እሳቸው ስል እንደገና ለሚሊሻው «ንገረው፣ እኔ የእሱ አባ አይደለሁም» አሉ።

ፖምፓውን አወረድኩት። የተሰበረው ብሎን ከጉድጓዱ አፍ ዝቅ ብሎ ነው የቀረው፤ በፒንሳ የሚያዝ ነገር የለውም። አማቴ ናፍጣ አንጠባጠቡበት፣ በመዶሻ ቀስ እያሉ ኳኳኩት፣ ጠበቁ። ቀጥለው በሹል መሮ ጠርዙን ወደ ግራ እየገፉ ሊያዞሩት ሞከሩ። መሮው እየተንሸራተተ ብረቱን ፋቀው እንጂ ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። ጀምበር ወደ አምባሰል ተራሮች ዘንበል ብላለች። ሚሊሻው ዳሱን ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ሰዓት ይጠይቃል።

የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ብሎኑን መሐሉን መብሳትና በቀዳዳው ጠርዛም ብረት ሰክቶ ማዞር። መብራት የለም፤ ያላቸው በእጅ የሚዞር ትራፓኖ ነው። ጀርባው ላይ በደረት የሚገፉት ሰሌዳ አለው፤ አንድ ሰው በደረቱ ተደግፎ ያስተካክላል፣ ሌላው እጀታውን ያዞራል። ብቻቸውን ቢሠሩት እንደሚመርጡ አውቃለሁ። አይቻልም እንጂ። የሚበሳውን ሹል ብረት ከጨርቅ ውስጥ አውጥተው አሳዩ፤ እኔን ሳይሆን ሚሊሻውን።

«ፑንታ ያለኝ ይቺ ብቻ ናት። ውስጥ ከተሰበረች ሞተሩ ዛሬም ነገም አይነሳም። ንገረው፣ ቀስ አድርጎ ያዙር፤ እንደ መንዳቱ አያድርገው።»

«ቀስ አድርገህ አዙር ይሉሃል» አለኝ ሚሊሻው። የመጨረሻዋን ትቶልኛል።

አጎነበስን። ቦታው ጠባብ ነው፤ ጭንቅላታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ የእኔም ሳይሰማቸው አይቀርም። እኔ አዞራለሁ፤ የብረት ፍቅፋቂ እንደ ጥቁር ስኳር ይረግፋል። ከዚያ አማቴ ዓይናቸውን ከፑንታው ሳያነሱ ለሚሊሻው ማውራት ጀመሩ።

«ሚስት ነበረችኝ» አሉት። «ልጇ ትታት ሄደች። በር በሩን እያየች ሞተች። ልጇን የወሰደው ሰውዬ የት ነበር? ጎማ ላይ።»

ሚሊሻው «አላህ ይርሐማቸው» አለ። ሌላ ምን ይበል።

«ሲሞቱ መላክ ይቻል ነበር» አልኩ እኔም ለሚሊሻው። እጄ አላቆመም። «ሲታመሙ መላክ ይቻል ነበር። ልጅቱ ኮምቦልቻ ነው ያለችው፣ መካ አይደለም።»

«ንገረው፣ ለሞተ ሰው መልእክት አይላክም። ልጄ የሞተችው እሱ የወሰዳት ቀን ነው።»

«መጣች እኮ። ከደጃፍ መለሷት።»

«ንገረው፣ ለቅሶ የሚደርሱት ሰው ሳይቀበር ነው።»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በፊታቸውም በጀርባቸውም አንቱ ሳልላቸው ቀርቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «አንተ ነህ ያስለቀስካት» አልኳቸው፣ ፊት ለፊት እያየሁ። «ሞተች ያልከው አንተ ነህ፤ በር የዘጋኸው አንተ ነህ። እናቷ በር በሩን ያየችው በአንተ ምክንያት ነው።»

ትራፓኖው ቆመ። ደረታቸውን ከሰሌዳው አላነሱም፤ እኔም እጀታውን አልለቀቅኩም። አንዳችን ብንለቅ ፑንታው እንደሚሰበር እናውቃለን። የፊታቸው ደም ሥር ተገታትሯል። ሚሊሻው አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ እሳቸውን እያየ «እናንተ ዘመዳሞች ናችሁ እንዴ?» አለ።

«አይደለንም» አልን በአንድ አፍ።

«ንገረው፣ ያዙር» አሉ አማቴ። አዞርኩ።

ቀዳዳው ሲበቃ ትራፓኖውን አነሱና ጠርዛማ ብረት ለመሞረድ ወደ ሞርሳው ሄዱ። ሚሊሻው ተከተላቸው። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ የዳሱ ቆርቆሮ ግን ሁሉንም ይመልሳል።

«አባባ፣ ይህን ሰው አይወዱትም መሰለኝ» አላቸው።

«አልወደውም።»

«ብሎኑን ሆን ብሎ ነው የሰበረው። እኔ አይቻለሁ። ግን እኔ ስለ መኪና አላውቅም፤ ቃሌን አይቀበሉኝም። እርስዎ ባለሙያ ነዎት። አሻጥር ነው ብለው አንድ ቃል ቢሰጡኝ ወልድያ ላይ የሚበቃ ነው። እኔም እድናለሁ፣ እርስዎም ያርፋሉ።»

እጄ ላይ መፍቻ ነበር። መፍቻውን አጥብቄ እንደያዝኩ ትዝ ይለኛል እንጂ ምን እንዳሰብኩ ትዝ አይለኝም። ሰው በአንድ ቃል ይጠፋ ነበር። በዚያች ከተማ ከቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ የከሰሳቸው ጎረቤት ነገ ከእናታቸው ጋር ውሃ ይቀዳል። አማቴ ያን ሰዓት ያ ቃል በእጃቸው ነበር። ሳያዩት፣ ሳይደክሙበት፣ በእግሩ መጥቶ እጃቸው ላይ ወደቀላቸው።

ሞረዱ ቆመ። «የመጨረሻ የጨበጠው ማነው?» ብለው ጠየቁት።

«ምኑን?»

«መፍቻውን።»

ሚሊሻው የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለ።

«ስማኝ» አሉት። «ያ ሰውዬ ጠላቴ ነው። ወላሂ ጠላቴ ነው። ቤቴን አፍርሶታል። ልመታው ብፈልግ ግን የራሴ እጅ አለኝ፤ የሰው እጅ አልዋስም። ሌላ ጊዜ ይህን እንዳትጠይቀኝ።»

ሞረዱ እንደገና መሥራት ጀመረ። ሚሊሻው ወጥቶ መኪናው ጎማ ሥር ተቀመጠ። እኔን ሲያስፈራራ የነበረው ሰው ያኔ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ከእኔ በላይ እሱ እንደሚፈራ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። አላዘንኩለትም። እንዲህ ያለ ፍርሃት ሰው ይገድላል።

አማቴም ተመለሱ። የሞረዱትን ብረት ቀዳዳው ውስጥ አቁመው በመዶሻ መቱት፤ ቀስ፣ ከዚያ ጠንከር፣ ከዚያ ቀስ። ነክሶ ሲያዝ መፍቻውን ሰኩበትና ወደ እኔ ዘወር አሉ። አስተርጓሚ አልፈለጉም።

«ያዝ» አሉኝ። «ወደ ግራ። ስልህ ብቻ።»

ያዝኩ። እሳቸው በመዶሻ የብረቱን ራስ ይነካሉ፤ እኔ እስበዋለሁ። ምንም። «ተው» ይሉኛል፣ እተዋለሁ፤ ናፍጣ ያንጠባጥባሉ። «ሳብ።» ምንም። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው አንድ ጊዜ ሲጥ አለ። ተሰበረ አልኩ። አማቴ ግን መዶሻውን መሬት አኖሩት። «ወጥቷል» አሉ። እጃቸውን ጨምረው ሁለታችንም በአንድነት አዞርነው፤ ብሎኑ ዝገቱን እያራገፈ፣ እየጮኸ፣ በጥርሱ እየተቆጠረ ወጣ። ያን ቁራጭ ብረት አይተው ወደ መንገዱ ወረወሩት። ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ልክ የሆነ ሌላ ብሎን ፈልገው አምጥተው ፖምፓውን ራሳቸው አሰሩት። እኔን አላስነኩኝም።

ሞተሩን አስነሳሁ። የሙቀት መለኪያው መርፌ በቦታው ነው፤ ውሃ አይወርድም። ጀምበር ገና ነበረች፤ ከበረርኩ ውርጌሳ እደርሳለሁ። ሚሊሻው ገብቶ ተቀምጧል። እኔ ወርጄ ወደ እሳቸው ሄድኩና «አላህ ይስጥልኝ» አልኩ። አንቱታው ተመልሶልኛል፤ ግን ቃሉ በግድ ነው የወጣው።

«ለስንዴው ነው» አሉኝ። «ስለ እሷ አንድ ነገር እንዳትነግረኝ። ሂድ።»

ብሄድ ይሻል ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ የዋጥኩት ነገር ነበር። «ሴት ልጅ ወልዳለች» አልኳቸው። «በሟች አያቷ ስም ጠርተናታል።» እንዲያስደስታቸው ብዬ አይደለም የነገርኳቸው። እንዲቆጫቸው ነው። እንዲያማቸው ነው። ሳያዩኝ ጨርቃቸውን አንስተው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ እኔም መኪናዬ ላይ ወጣሁ።

ውርጌሳ ስንደርስ ሌሎቹ መኪና ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ነበር። ሚሊሻው ዝም ይላል ብዬ ነበር፤ ግን ወልድያ ላይ ከሰሰኝ። አንድ ቀን ሙሉ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስቀምጠው ጠየቁኝ። ማን አየ? ማን ሠራው? ምን አለ? ከሐይቁ መካኒክ ግን በእኔ ላይ ያገኙት ቃል አልነበረም። በመጨረሻ የሰልፉ ኃላፊ መጥቶ «ሾፌር ጎድሎብኛል፤ ከፈለጋችሁ ስንዴው ካለቀ በኋላ እሰሩት» አላቸው። እንዲህ ነው የወጣሁት፤ ንጹሕ ነህ ብሎ የለቀቀኝ የለም። ሚሊሻውን ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ኮምቦልቻ ስመለስ ለሚስቴ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ታቅፈኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ልጅቷን ከጡቷ ነጥላ አስቀመጠቻትና «አባቴ ደጅ ቆመህ ለመንክ?» አለችኝ።

«መኪና ተበላሽቶብኝ ነው።»

«እኔን ከደጅ የመለሰ ሰው ዳስ ውስጥ ገብተህ ሥራልኝ አልክ። ደግሞ አንተ ብለህ ሰደብከው። አባቴን።»

«የአንቺን ጥፋት አይደለም፣ የእሳቸውን ነው የነገርኳቸው።»

«አባቴን አንተ ማለት የምችለው እኔ ነኝ» አለችኝ። «አንተ አይደለህም።»

ያን ሳምንት አላናገረችኝም። እኔ እንደገና ጭኜ ስወጣ እሷ ልጅቷን አዝላ ሐይቅ ሄደች። የሆነውን ከእሷ ነው የሰማሁት፤ ከጎረቤትም ሰምቻለሁ፣ ምክንያቱም የሐይቅ ገበያ ግማሹ ሰምቶታል። ዳሱ ደጃፍ ላይ ቆማ «እናቴን ያለ እኔ ቀበርክ» አለቻቸው። «ሰው በሕይወት እያለ ነው የሚጠየቀው» አሏት። «በሩን ዘጋህብኝ» አለቻቸው። ሰው ሰማ አልሰማ ሳይሉ ተሰዳደቡ። ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ሊገላግሉ መጥተው «ተዉን» ብላ መለሰቻቸው። በመካከሉ ልጅቷ ከጀርባዋ ላይ አለቀሰች።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ምሳ በላን» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ በየጊዜው ትሄድ ነበር። በሄደች ቁጥር ይጣላሉ፤ በተጣሉ ቁጥር ይበላሉ። ልጅቷ ከፍ ስትል ጉድጓዱ ውስጥ አብራቸው ትገባ ጀመር፤ ልብሷ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ትመጣለች። ለእኔ ግን አንዲት ቀን ግባ ተብዬ አላውቅም። መኪናዬን ከዳሱ ራቅ አድርጌ፣ ዓሣ ከሚሸጥበት ጥግ አቁሜ እጠብቃቸዋለሁ። ሚስቴ አንድ ሁለት ጊዜ ልታስታርቀን ሞከረች፤ እሳቸው «እህሉ ደረሰለት፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?» አሏት፤ እኔም ምንም አልፈልግም አልኳት። እውነትም አልፈለግኩም። አንድ ቃል ብለው ቢሆን ኖሮ እንደምጠፋ አውቃለሁ። ያን አለማለታቸው ባለዕዳ አድርጎኝ እንደሆነ እንጂ ወዳጅ አላደረገኝም፤ ሰው ደግሞ ላልወደደው ሰው ባለዕዳ መሆን ከምንም በላይ ይከብደዋል።

መንግሥቱ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ ጦርነቱ ወደ አምባሰል በወረደበት ሰሞን ሞቱ። ጥይት አይደለም የገደላቸው፤ ሳል ነው። መርዶው በጊዜ ደረሰን፤ አብረን ሄድን። በጀናዛው ላይ ሲሰገድ በሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ። የከለከለኝም የጠራኝም የለም። ሲቀበሩ አፈር ከመለሱት ጋር አፈር መለስኩ። ሚስቴ እንደ ልጅ ጮሃ አለቀሰች፤ ልጃችን ከእሷ ብሳ። እኔ አላለቀስኩም። ለታይታ ማልቀስ አቃተኝ፤ ከልቤም አልመጣልኝም።

ሚስቴ ያን ቀን አየችኝ። ዛሬም ስንጣላ «አባቴ የሞተ ቀን ዓይንህ ደረቅ ነበር» ትለኛለች። ደረቅ ነበር።